ኮዳው የዞረበት መንገድ

በእኛ መንደር፣ በኦርዘሽቲ፣ ሠርግ በወረቀት አይጠራም። ወረቀት የግብርና የፍርድ ቤት ነገር ነው። ለሠርግ ሰው ይላካል። ያ ሰው ጥልፍ ያለበት ፎጣ በግራ ትከሻው አንግቦ፣ ወይን ጠጅ የሞላበት የእንጨት ኮዳ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ጠሪያችን በርሜል ሠሪው ሃራላምቢ ነበር።

ሃራላምቢ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የጎበጠው በዕድሜ ብዛት አይደለም፤ ዕድሜውን ሁሉ በርሜል ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ሲፍቅ ስለኖረ ነው። የመንደሩን ምድር ቤቶች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የማን ወይን እንደ ኮመጠጠ፣ የማን በርሜል እንደሚያንጠባጥብ ያውቃል፤ ግን ትንፍሽ አይልም። ለጠሪነት ያበቃው ይህ አፉ ይመስለኛል።

ጠሪነት ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ሞክሮት የማያውቅ ነው። ማንም ሰው ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ማን ማን ይመጣል?" ሃራላምቢ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ስም ይዞ ይሄድ ነበር። አንደኛው ቤቱ የሚወደው ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "እሱ ሄዶ እኛ ልንቀር ነው እንዴ?" የሚያሰኝ ሰው ነው። ግን እመጣለሁ ብሎ ቃል ያልሰጠ ሰው ስም ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ የሚከብደው የመጀመሪያው ቤት ነው፤ ገና የሚጠራው ስም የለውማ። ከመንደሩ ሹም ቤት አይጀምርም፤ ከሀብታምም አይጀምርም። የሚጀምረው ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ካሉት ከማንም ጋር ተጣልተው ከማያውቁት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ እየቀደመ በር ያስከፍትለታል።

የኮዳውም ሥርዓት አለው። ጠሪው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ለአባወራው ይሰጣል፤ አባወራው ለሚስቱ፣ ሚስቲቱ ለአማቷ፣ ሁሉም ከዚያው ከኮዳው አፍ ይጎነጫል። የኮዳውን አፍ መጥረግ ነውር ነው፤ "አፍህን ተጸየፍኩት" ማለት ነው። "ወይን ራሱን ያጥባል" እንላለን። ይህን አባባል ከቄሱ እስከ አስተማሪው ያላለው ሰው አልነበረም። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ።

ሶቪየት ኅብረት በፈረሰ በአራተኛው ዓመት፣ ወይኑ ተለቅሞ እንዳለቀ፣ ዲፍቴሪያ በአገሩ ተነሣ። ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ነው። አያቶቻችን ልጆች ቀብረውበታል፤ እኛ ግን በስም ብቻ ነበር የምናውቀው። በልጅነታችን የተከተብነው በሰውነታችን ውስጥ እንደ አሮጌ አጥር ላልቶ ኖሯል። ከወረዳው ለአዋቂ ሁሉ የሚሆን ክትባት መጣና የጤና ኬላችን ነርስ ዚኖቪያ በሱቁ በር፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። ሹሙም በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ከስድስት መቶ አዋቂ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጣው አሥራ አንድ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዷ ራሷ ዚኖቪያ ነበረች።

በውኃው ጉድጓድ ዙሪያ የሚወራው ሌላ ነበር።

"መርፌው ከጦር ሠራዊት የተረፈ ነው አሉ።"

"የእህቴ ባል ከተወጋ ወዲህ ክንዱን ማንሣት አቃተው።"

"ድሮስ ምን ሊያነሣበት ነበር? መጥረቢያ?"

"ብርጭቆውን በሌላኛው ያነሣል፤ አይዞሽ።"

ዚኖቪያ አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ መንገድ ላይ አስቁማ ምላስህን አሳየኝ የምትል ሴት ናት። ሃራላምቢን ፎጣውን አንግቦ ሲወጣ አገኘችው። የሚጠራው የትሮፊምን ልጅ ሠርግ ነበር። ትሮፊም በመንደራችን የወይን ባለጸጋ የሚባል ሰው ነው፤ ሙሽራውን ልጁን ሲልቪዩን ክርስትና ያነሣው ሃራላምቢ ስለሆነ ሁለቱ አበልጅ ናቸው።

"ጋሽ ሃራላምቢ፣ ከመዞርዎ በፊት እርስዎ እንኳ ይከተቡልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ ታምሜ አላውቅም እኮ።"

"እኔም የምፈራው እሱን ነው።"

ሳቀና ሄደ። በዚያ ሐሙስ ሃያ ቤት ጠራ። አሥራ ሰባተኛው የእኔ ቤት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ምራቄን ስውጥ እሾህ የዋጥሁ መሰለኝ። ረቡዕ አንገቴ አብጦ አገጬ ጠፋ። ዚኖቪያ በባትሪ ጉሮሮዬን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ አመድ የመሰለ ስስ ቆዳ ሸፍኖት ነበር። በዚያው ዕለት ወደ ወረዳው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ከእኔ ቀድመው ሁለት የኦርዘሽቲ ሰዎች እዚያ ተኝተው ነበር። መድኃኒቱ በጊዜ ደረሰልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሦስታችንም ተርፈናል። በዚያ ሳምንት ግን ይህን አናውቅም ነበር።

ዚኖቪያ በአውቶቡስ መጣችና ደብተር ይዛ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። ሦስታችን ዘመድ አይደለንም፤ ጎረቤትም አይደለንም፤ ከአንድ ጉድጓድም አንቀዳም። ይህ ግራ አጋብቷታል።

"ባለፈው ሳምንት ማን ቤትሽ መጣ?"

"ማንም።"

"አስቢ እስቲ። ማንም?"

"ማንም አልኩሽ። ሃራላምቢ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ ሠርግ ሊጠራ ነው።"

እርሳሷ ቆመ። "ሁለቱም ልክ እንዲህ ነው ያሉኝ" አለች። "መጀመሪያ 'ማንም'፣ ከዚያ 'ሃራላምቢ ብቻ'።"

የጠራበትን ቅደም ተከተል ጻፈች። የታመሙት አራተኛው፣ ዘጠነኛውና አሥራ ሰባተኛው ቤት ነበሩ።

በማግስቱ ወደ በርሜል መሥሪያው ሄደች። ሃራላምቢ እንደ ልማዱ ከወገቡ በላይ በርሜል ውስጥ ነበር። ሚስቱ አጋፊያ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ጎመን ትከትፋለች።

"ጋሽ ሃራላምቢ፣ ይውጡና አፍዎን ይክፈቱ።"

"ምን ልናገር?"

"ምንም። ይክፈቱ ብቻ።"

"አርባ ዓመት ዝጋ ስለው ኖሬ፣ አንቺ መጥተሽ ክፈት ትይዋለሽ!" አለች አጋፊያ ከመስኮቱ።

ዚኖቪያ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ከጉሮሮው ናሙና ወሰደችና ወደ ወረዳው ላከችው። በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ። በሽታው በሃራላምቢ ጉሮሮ ውስጥ ነበር።

"እኔን እኮ ምንም አላመመኝም" አለ።

"እርስዎን አያምዎትም። እርስዎ ዘንድ ማደሪያ ነው ያገኘው። ምናልባት ከገበያ ይዘውት መጡ። ሰው ተሸክሞት ሳያውቅ ሊዞር ይችላል።"

ሃራላምቢ በተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። "ስንት ሰው?" አለ።

"ሦስት።"

ስማችንን አንድ በአንድ ጠየቃት። ከዚያ "ይድናሉ?" አለ፤ እሷም "በእግዚአብሔር ፈቃድ" አለችው። አጋፊያ ጣልቃ ገባች።

"ስም ብቻ! ቅዱስ ሃራላምቢ መቅሠፍትን በሰንሰለት አስሮ በእግሩ ይረግጣል፤ ሥዕሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንተ ደግሞ በጀርባህ አዝለህ ቤት ለቤት አዞርከው!"

ይህን የምትለው የበቆሎ ገንፎውን፣ ማማሊጋውን፣ ከነአይቡ ፊቱ እያስቀመጠች ነው። ጎኑ ተቀምጣ እስኪጨርስ ድረስም አልተነሣችም።

አሥራ ሁለት ቀን ክኒን እየዋጠ ከቤት እንዳይወጣ ተደረገ።

በሽታው በሳምንት ሦስት ቤት ነው የደረሰው። ወሬው ግን በግማሽ ቀን መንደሩን አዳርሷል። ዚኖቪያ ለታመሙት ቤተሰብ ብቻ "በኮዳው ሳይተላለፍ አልቀረም" ብላ ነበር። የሃራላምቢን ጉሮሮ ጉዳይ ግን ለማንም አልተናገረችም። ወሬው ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ "ኮዳው ነው" ሆነ። ሱቁ ዘንድ ሲደርስ "የኮዳው ወይን ነው" ሆነ። ሳይመሽ "የትሮፊም ወይን ሰው አሳመመ" ሆኖ አደረ። ያኔ አስተውዬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሳስበው ወሬም እንደ በሽታ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እንደወጣ አይገባም።

ትሮፊም ደረተ ሰፊ፣ ሪዙ እንደ መጥረጊያ የወፈረ ሰው ነው። ከመንደሩ ግማሹ ወይ ዘመዱ ነው ወይ በወይን ቦታው ይሠራል። እየተንደረደረ መጥቶ ከሃራላምቢ መስኮት ሥር ቆመ።

"አበልጄ! ውጣ!"

"አልወጣም፤ ታስሬያለሁ።"

"ማን አሰረህ?"

"ዚኖቪያ።"

"ያቺ አንድ ክንድ የማትሞላ?"

"መርፌ አላት።"

ትሮፊም አልሳቀም። "ወይኔን መርዝ ነው እያሉት ነው! ሠላሳ ዓመት አንተ በሠራኸው በርሜል ያስቀመጥሁትን ወይን! አንተ ቀምሰኸዋል። መርዝ ነው?"

ሃራላምቢን በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። "ጉሮሮዬ ነው" ቢል አለቀ። ከዓመታት በኋላ ለእኔ እንደነገረኝ፣ ቃሉ እስከ ጥርሱ መጥቶ ተመለሰበት። ጉሮሮው የታመመ ጠሪ ነው ከተባለ ማን በሩን ይከፍትለታል? ሠላሳ አንድ ዓመት የዞረው ለወይኑ ብሎ አልነበረም። በየደጁ ስሙ በደስታ ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር። "መርዝ አይደለም" አለ ዝቅ ብሎ።

"እንግዲያው ስማኝ። ከእኔ ቤት አንድ ሰው አይወጋም። ከዘመዶቼም አንድ ሰው አይወጋም። መርፌ የተወጋ ወይኔን የሰደበ ነው!"

የትሮፊም ቃል እንደዚያ ሲሆን ጤና ኬላው በር ላይ ሣር በቀለ ማለት ይቻላል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ከአዋቂው ሁለት ሦስተኛው ካልተከተበ፣ በኦርዘሽቲ ሠርግም ሆነ ሌላ ስብሰባ ክልክል ነው ይላል። ሠርጉ የተቆረጠው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ነበር። የሙሽራዋ የኢሊንካ ልብስ ተሰፍቶ ተሰቅሏል። ጾም ከገባ ደግሞ ማንም ቄስ አያጋባም።

ዚኖቪያ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ከሃራላምቢ መስኮት ውጭ ትቆም ነበር። አንድ ቀን ደክሟት ግንቡን ተደገፈችና "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?" አለችው። "ለጠፍኩ፤ በድምፅ ማጉያ አስለፈፍኩ።"

"ወረቀቱን 'ማን ማን ይመጣል?' ብትዪው ይመልስልሻል?" አላት።

"አይመልስም።"

"ታዲያ ምኑን ጠራሽ? እስቲ የመጡት አሥራ አንዱ እነማን ናቸው?"

በቀዝቃዛ ድምፅ ቆጠረችለት፤ ሹሙ፣ የሹሙ ሚስት፣ አስተማሪው፣ የፖስታ ቤቱ ሹም፣ ቄሱ...

"አየሽ፣ ከላይ ጀመርሽው። ከላይ ለሚወርድ ነገር ሰው ጃንጥላ ነው የሚዘረጋለት።"

"እንግዲያው ማን ይጥራልኝ?"

 ዚኖቪያ ከመስኮቱ አልሄደችም። በመጨረሻ "እኔን ነው የምትዪው?" አለ። "በሽታ ያዞርኩትን ሰውዬ?"

"መንገዱን የሚያውቀው እርስዎ ነዎት" አለችው።

በሚቀጥለው ቀን ቄሱ ሊጠይቀው መጣ፤ እሱም ከውጭ ቆመ። ሃራላምቢ ሁሉን ነገረው። ቄሱም፣ "ሳታውቅ የተሸከምከውን እግዚአብሔር አይጠይቅህም" አለው። "አሁን ግን ታውቃለህ።"

ክኒኑ አልቆ ሁለት ጊዜ የተወሰደው ናሙና ንጹሕ መሆኑ ሲነገረው፣ በዚያው ጠዋት ከአጋፊያ ጋር ጤና ኬላ ሄደው ተከተቡ። ከዚያ ፎጣውን አነገበ። ኮዳውን ከሚስማሩ አላወረደውም። ለመጀመሪያ ጊዜም ከጉድጓዱ አልጀመረም፤ በቀጥታ ወደ ትሮፊም ቤት ሄደና ከአጥሩ በር ውጭ ቆመ።

"ትሮፊም! አበልጄ!"

"በሩ ክፍት ነው፤ ግባ" አለ ትሮፊም ከበረንዳው።

"አልገባም። ከዚሁ ነው የምናገረው።"

"አበልጅ ደጅ ቆሞ የሚናገረው ለጠብ ሲመጣ ነው።"

"ለጠብ አይደለም። ወይንህ ንጹሕ ነው ልልህ ነው።"

ትሮፊም ብድግ አለ። ማዶ ቅጠል ትጠርግ የነበረችው ፕሮፊራ መጥረጊያዋን አቆመች።

"ምን አልክ?"

"ወይንህ ንጹሕ ነው። በሽታው የነበረው በእኔ ጉሮሮ ነው። ቀምሼ ስሰጥ ከእኔ አፍ ወደ ኮዳው፣ ከኮዳው ወደ ሰው ሄደ። በርሜልህ ውስጥ ምንም የለም። ያን ቀን ስትጠይቀኝ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።"

"ድገመው።"

"ሰማኸኝ እኮ።"

"እኔ ሰምቻለሁ። ፕሮፊራ ግን ጆሮዋ ይከብዳል። ድገመው!"

ሃራላምቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

"ኧረ ሰማን!" አለች ፕሮፊራ ከማዶ። "የእኔስ ጆሮ ደህና ነው፤ የከበደውስ ያንተ ልብ ነው ትሮፊም!"

ትሮፊም ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ አንድ ብርጭቆ ወይን ይዞ መጣ። እንደ ሥርዓቱ ጎንጨት አለለትና በአጥሩ ላይ አሳልፎ ዘረጋለት። የሃራላምቢ እጅ በልማድ ተነሣ፤ ከዚያ ወረደ።

"አልጠጣም፤ አበልጄ። መጀመሪያ ተከተብ። ከዚያ በየራሳችን ብርጭቆ እንጠጣለን።"

"በሕይወቴ ብርጭቆዬን የመለሰ ሰው አላየሁም" አለ ትሮፊም ቀስ ብሎ።

"እኔም መልሼ አላውቅም።"

ትሮፊም ወይኑን ራሱ ጨለጠውና ወደ ቤቱ ገባ። ሃራላምቢ ፎጣውን አስተካክሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ሦስት ቀን ዞረ። በዚያ ሐሙስ በዞረበት ቅደም ተከተል ጀመረ፤ ሃያው ሲያልቅ ወደቀሩት ቤቶች ቀጠለ። የትም ቤት አልገባም፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል። ሌላ ጊዜ ጠሪ የሚናገረው በቤት ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ነው፤ አሁን ግን አንዱ ደጅ ላይ ያለውን መንገዱ ሁሉ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ጥፋቱን ይናገራል። ከዚያ "ሲልቪዩና ኢሊንካ ለሠርግ ይጠሯችኋል፤ ከሠርጉ በፊት ግን ዚኖቪያ ትጠራችኋለች" ይላል።

ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት፣ እንደ ወጉ፣ "ማን ማን ይመጣል?" አሉት።

"እስካሁን እኔና አጋፊያ ነን" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ የተወጋበትን አሳያቸው።

ሽማግሌው አየና "አጋፊያም ተወጋች? ጮኸች?" አለ።

"መርፌውን ነው የጮኸችበት።"

ሽማግሌዎቹ እንመጣለን አሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው ቤት አራት ስም ነበረው። ከዚያ በኋላ የጥንት ሃራላምቢ ሆነ። አንዷን ሴት "ጎረቤትሽም ትመጣለች" ሲላት "እሷ? መርፌ ስታይ የምትወድቀው?" አለች። "ታዲያ ስትወድቅ ማየት አትፈልጊም?" አላት። ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ነው የሄደችው።

አልከፍትም ያሉትም ነበሩ። አንዱ ውሻውን ፈታበት። አንዷ ደግሞ እሱ የያዘውን የአጥር በር በፈላ ውኃ አጠበችው፤ እሱ ገና ሁለት እርምጃ ሳይርቅ። ይህን ሲነግረኝ "ልክ ነበረች፤ ከእኔ ይልቅ ትምህርቱ ገብቷታል" ብሎ ሳቀ።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ የእኔ ደጅ ደረሰ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ሁለት ቀኔ ነበር፤ ድምፄ ገና እንደ ክር ቀጥኗል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ የጥሪውን ቃል አልጀመረም።

"ልጄ፣ ከእኔ ነው የያዘሽ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ይቅር በይኝ።"

እውነቱን ለመናገር፣ በሆስፒታሉ የመጀመሪያ ሳምንት ብዙ ክፉ ቃል አዘጋጅቼለት ነበር። እዚያ አጥር ሥር ጎብጦ ሳየው አንዱም አልመጣልኝም። "ሠርጉ ላይ ማን ማን ይመጣል?" አልኩት።  ባርኔጣውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነበት።

ዚኖቪያ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰው ከተበች። በማግስቱ ሠላሳ አንድ። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ከጤና ኬላው በር እስከ ድልድዩ ደረሰ፤ ሰልፉን ያዩት ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከኋላ የቆሙ ነበሩ። ሁሉም ስለ ራሱ ሲጠየቅ "አስቤበት ነው" ይላል። ሁሉም ግን ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ አይቶ ነው የመጣው። እኔም ብሆን እንዲያው ነኝ፤ መልካም ነገር ስሠራ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ቀድሞኝ አይቼ ነው።

በአራተኛው ቀን ትሮፊም መጣ። አርባ ሦስት ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ገና ድልድዩ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

"ውጊኝ" አላት ዚኖቪያን። "ግን ጻፊልኝ፦ በወይኑ ምክንያት አይደለም።"

"ጋሽ ትሮፊም፣ ቅጹ ላይ እንዲህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።"

"ጠርዙ ላይ ጻፊው።"

ጻፈችለት። አነበበውና ክንዱን ሰጣት። ሲወጋ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ይላሉ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ይክዳል።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሲቆጠር አራት መቶ ሰባ አንድ ሰው ተከትቧል። ከሦስታችን ሌላም የታመመ አልነበረም። ወረዳው ሠርጉን ፈቀደ።

ሃራላምቢ ግን በዚያው ቀን ፎጣውን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተ። ለትሮፊም ልኮ፣ በወይን ጠጅ የሚደረገውን የሠርጉን ጥሪ በቀሩት ቤቶች የሚዞር ሌላ ሰው ፈልግ አለው። ራሱም ላለመሄድ ቆርጧል። "ሰው ሲያየኝ ሳያስበው ጉሮሮውን ይዳብሳል" አላት አጋፊያን። "የሰው ደስታ ላይ እንዴት እንዲህ ሆኜ እቆማለሁ?"

በእሱ ቦታ ልዙር የሚል ጠፋ። ትሮፊም ራሱ ዞረ፤ ክፉኛም ዞረ። ከሹሙ ቤት ጀመረ፤ በየቤቱ ግማሽ ሰዓት ስለ ወይኑ አወራ፤ ሰው "ማን ማን ይመጣል?" ሲለው "ማን ይቀራል ታዲያ!" ብሎ ይቆጣል። ዚኖቪያ ደግሞ ኮዳ ብቻ ይዞ እንዳይዞር ስለከለከለችው፣ ከሸክላ ሠሪ የተገዙ ትንንሽ ጽዋዎች በቅርጫት ይዞ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ጽዋ። በየበሩ ያንኳኳ ጊዜ ቅርጫቱ ይንኳኳል፤ ልጆች እንደ ላም ቃጭል ነው ብለው ሳቁበት።

በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ቤት ቀረው። ገብቶ ሃራላምቢና አጋፊያ ፊት ቆመ።

"ፎጣው በግራ ትከሻ ነው፣ አንተ ሰውዬ!" አለች አጋፊያ።

ትሮፊም ፎጣውን አዛወረ። ሦስት ጽዋ አውጥቶ ቀዳ። ከዚያ ቃሉ ጠፋው፤ ሪዙን ይጎትታል።

"መጀመሪያ የእግዚአብሔር ሰላምታ ነው" አለ ሃራላምቢ ወለሉን እያየ።

"እግዚአብሔር ከዚህ ቤት ጋር ይሁን።"

"ከዚያ የሙሽሮቹ ስም።"

"ስማቸውን ለአንተ ልንገርህ? ክርስትና ያነሣኸው ልጅህ ነው እኮ!" ትሮፊም ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ስማኝ አበልጄ። ሁለት መቶ ቤት ዞሬ እግሬ አብጧል። በየቤቱ የሚጠይቁኝ ስለ ሙሽራው አይደለም። 'ሃራላምቢ ይመጣል?' ነው። ሳይጠይቀኝ የቀረ አንድም ቤት የለም። እኔ አላውቅም እያልኩ እንደ ሞኝ ወጣሁ። አሁን ትመጣለህ ወይስ ሁለት መቶውን ቤት ተመልሼ ልዙር?"

ሃራላምቢ ጽዋውን አነሣ። ሦስቱም ጠጡ። አጋፊያ ሣጥኑን ከፍታ የክት ሸሚዙን አወጣች።

እሑድ ዕለት እንደ ልማዱ በድንኳኑ በር ቆሞ የገባውን ሁሉ እጅ ነሣ። እኔ ስገባ ግንባሬን ሳመኝ። ጉሮሮውን የዳበሰ ሰው አላየሁም። ሳርማሌው፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝና ሥጋ፣ ሞቅ እንዳለ ቀረበ፤ አኮርዲዮኑ ተነሣ፤ ከታመምነው ከሦስታችን አልጨፈርኩም የሚል የለም። ዚኖቪያ እስከ ምሽት ጨፈረች፤ በመሃል ግን አንዱ ሲስል ሰምታ ከጭፈራው ወጥታ ሄዳ ግንባሩን ነካች።

ሃራላምቢ ከዚያ በኋላ ሌሎች ስልሳ ያህል ሠርጎች ጠርቷል፤ ኮዳውንም ቅርጫቱንም ይዞ። በሠርጉ የነበሩ የጎረቤት መንደር ሰዎች ጽዋዎቹን አይተው በሚቀጥለው መጸው እነሱም ያዙ። ከእነሱ ደግሞ ሌሎች ወሰዱ። አንዳንዱ በሸክላ፣ አንዳንዱ በእንጨት፤ በአንዱ መንደር ቀይ ክር ያስሩበታል አሉ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሃራላምቢ በርሜል ሊጠግን ከወንዙ ማዶ እስካለው ሩቅ መንደር ሄዶ ነበር። ወደሚሠራበት ቤት ሠርግ ጠሪ መጣ፤ ፎጣ ያነገበ ጎልማሳ፣ ኮዳና ቅርጫት ይዟል። ለሃራላምቢም በትንሽ ጽዋ ቀዳለት።

"እነዚህ ጽዋዎች ለምንድን ናቸው?" ብሎ ጠየቀው ሃራላምቢ።

"የአባቶቻችን ወግ ነዋ፣ አባቴ። በእናንተ አገር የለም እንዴ?"

"አሁን አሁን አለ" ብሎ ጠጣ።

ይህን የነገረኝ እዚያው በርሜል መሥሪያው ውስጥ፣ እንጨት እየፋቀ ነው። "ያ ሁሉ ውርደት ደርሶብህ ወጉ በአንተ የተነሣ መሆኑን አልነገርከውም?" አልኩት።

"ለምን ብዬ?" አለኝ። "እነሱ ከእኔ በላይ አምነውበታል።" ከዚያ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠይቆ እንደነበር፣ እነሱም ጠርተውት ከአጋፊያ ጋር ሊሄዱ መሆኑን ነገረኝ፤ በርሜሉ ውስጥ ጎንበስ ብሎም ሥራውን ቀጠለ።